ማዘን ሌላ፣ ማካተት ሌላ

 

በዚህ ወር ላወጋችሁ የፈለግሁት ከቤት ወጣ ብሎ በሥራ ቦታ ስለሚያጋጥም ጉዳይ ነው። ከቤት ወጣ ብሎ ልበል እንጂ ነገሩ ከቤት የራቀ አይደለም። አባት ወይም እናት በሥራ ቦታቸው ተከፍተው የዋሉ እንደሆነ፣ ማታ የቤቱ አየር ምን እንደሚመስል ልጆች ቀድመው ያውቁታል።

በአሁኑ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ «ብዝኃነት» እና «አካታችነት» የሚባሉ ቃላት ይዘወተራሉ። ከበድ ያሉ ይምሰሉ እንጂ ሐሳባቸው ቀላል ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ወንድና ሴት፣ ሙስሊምና ክርስቲያን፣ ከልዩ ልዩ ብሔረሰብ የተወለደ፣ ዓይነ ስውርና ዓይናማ አብረው ሲኖሩ ብዝኃነት አለ ይባላል። እነዚህ ሁሉ በሙሉ አቅማቸው እንዲሠሩና ሲወሰንም ድምፃቸው እንዲሰማ አሠራሩ ሲስተካከል ደግሞ አካታችነት ይባላል። የመጀመሪያው በአገራችን ከጥንትም የነበረ ነው። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው። እንዴት እንደሚያስቸግር እኔ የተማርኩት ከራሴ ስሕተት ነው።

የማስተምርበት የግል ትምህርት ቤት ከሁለት ዓመት በፊት የታሪክ መምህር ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። ፈተናውን በአንደኛነት ያለፈው ወጣት ዓይነ ስውር ነበር። ርእሰ መምህሩ የመምህራን ተወካዮችን ኮሚቴ ሰበሰቡ፤ አምስት ወንዶች ነበርን። አንዳችንም ይቅርብን አላልንም፤ ይልቁንም ሁላችንም አዘንን። አንዱ፣ «የዚያን ሁሉ ልጅ ወረቀት እንዴት ያርማል?» አለ። ሌላው፣ «ልጆቹ ይቀልዱበታል፤ ለእሱ ብለን ነው» አለ። እኔ ደግሞ ነገሩን ያሳመርኩ መስሎኝ፣ ደመወዙ ሳይነካ በቤተ መጻሕፍት ይመደብ፣ አጅርም እናገኝበታለን ስል ሐሳብ አቀረብኩ። ሐሳቤ በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ውሳኔውን እንድነግረው የተላክሁትም እኔው ነበርኩ። ወጣቱ በትዕግሥት አዳመጠኝና፣ «መምህር፣ እኔ የተፈተንኩት ለታሪክ ነው፤ ለቤተ መጻሕፍቱማ የተወዳደረ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል» አለኝ። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ለመሆኑ ምን እንደሚያስፈልገኝ ልትጠይቁኝ አስባችኋል?» አለ።

አላሰብንም ነበር። ስንጠይቀው የነገረን ግማሽ ገጽ አልሞላም። ስም የሚጠራለት የክፍል አለቃ ይፈልጋል፤ እሱ ሲያስረዳ ተራ በተራ እየወጡ ሰሌዳው ላይ የሚጽፉ ተማሪዎች ይፈልጋል፤ በፈተና ቀን አብሮት የሚቆጣጠር አንድ መምህር፣ የተማሪዎቹንም የጽሑፍ መልስ የሚያነብለት ሰው በሳምንት ለጥቂት ሰዓት ይበቃዋል። ማስታወሻውን በብሬል የሚያዘጋጀው ራሱ ነው። ከዚህ ሁሉ ገንዘብ የጠየቀው የአንባቢው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ብቻ ሆነ። ይቀልዱበታል ያልናቸው ልጆች ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ወረፋ እስከ መጣላት ደረሱ።

ያን ዕለት ማታ በመድረሳ ለሕፃናት ሳስተምር ያፈርኩበትን ልንገራችሁ። የዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱምን (ረ.ዐ.) ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የዐበሰ ምዕራፍ በእሱ ሰበብ መውረዱን ለስንት ዓመት አስተምሬአለሁ። ልብ ያላልኩት ግን ሥራውን ነበር። ኢብኑ ኡሙ መክቱም የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙአዚን ነው። ቢላል (ረ.ዐ.) ገና በሌሊቱ አዛን ያደርጋል፤ ጾመኛ ከምግብ እጁን የሚሰበስበው ግን በኢብኑ ኡሙ መክቱም አዛን ነበር። እንግዲህ ጎሕ መቅደዱን በዓይን አይቶ የሚሠራ ሥራ ለዓይነ ስውር ተሰጠ ማለት ነው! እንዴት ተቻለ ቢባል፣ መንጋቱን ሰዎች ይነግሩታል፤ እሱም አዛኑን ያሰማል። ነቢዩ ከመዲና ሲወጡ እሱን ወክለው የሄዱባቸውና ሰዎችን ያሰገደባቸው ጊዜያትም አሉ። ይህን ሁሉ እያስተማርኩ፣ ለባልደረባዬ ያሰብኩለት ጥግ ላይ ያለ ወንበር ነበር።

በአንድ ወቅት የአገራችን ሕግም የእኔን መንገድ ሄዶ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 101 ለአካል ጉዳተኞች የተወሰኑ ክፍት የሥራ ቦታዎች ተከልለው እንዲያዙ ያደርግ ነበር፤ በቅን ልቦና መሆኑ አያጠራጥርም። በ2000 ዓ.ም. ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 568 ግን፣ ያ የመከለል አሠራር አካል ጉዳተኞች በችሎታቸው ተወዳድረው መሥራት እንደማይችሉ አድርጎ ያሳያቸው እንደነበር በመግቢያው ላይ ይገልጻል። ስለዚህ አቅጣጫውን ለወጠ። ብቃት ያለው ሰው ተወዳድሮ ሲያልፍ፣ አሠሪው መሣሪያውን፣ ቦታውን ወይም አሠራሩን እንዲያመቻችለት፣ ሲያስፈልግም ረዳት እንዲመድብለት ግዴታ ጣለበት፤ ከአቅም በላይ ጫና ካልሆነ በቀር። አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ አካል ጉዳተኛው ፍርድ ቤት ቢሄድ ደግሞ የማስረዳቱ ሸክም የሚያርፈው በአሠሪው ትከሻ ላይ ነው። ይህን አዋጅ ከኮሚቴው አባላት መካከል አንብቦት የሚያውቅ አልነበረም። ወጣቱ ግን ያውቀው ኖሮ፣ እኛን ላለማሳፈር ብሎ ነው ያልጠቀሰው።

ከዚህ በኋላ ርእሰ መምህሩ፣ «ሌላም ያላየነው ይኖራልና በጽሑፍ ዕቅድ አውጡ» አሉን። እኔም ነገሩን እንደ ቁም ነገር ቤት ይዤ ሄጄ ለባለቤቴ አወራሁላት። እንጀራ እየጋገረች ነበር፤ ቀና ሳትል፣ «ኮሚቴያችሁ ውስጥ ሴት አለች?» አለችኝ። እንደሌለች ነገርኳት። «ታዲያ ምኑን ልታካትቱ ነው?» አለች። በማግስቱ ሁለት ሴት መምህራንና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ፣ አዲሱም የታሪክ መምህር ተጨመሩ።

በመጀመሪያው ስብሰባ የሰማነው አንገት የሚያስደፋ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። እኛም ፈቃዱን ሳናጓድል ስለምንሰጥ ሕግ አክባሪ ነን ብለን እንኮራ ነበር። ፈቃዱ ሲያልቅ ግን ሕፃኑ ገና የሦስት ወር ልጅ ነው። አንዲት እኅታችን የጡቷን ወተት በመጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆማ ስታልብ አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት እንዳለፈች በዚያን ቀን ተናገረች። ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ በ2010 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ተደንግጎ እንደነበር አውቃለሁ፤ እኛ ዘንድ ማቆያ ቀርቶ ከውስጥ የሚቆለፍ በር አልነበረም። መፍትሔው የመጀመሪያ ዕርዳታ ክፍሉ ቁልፍ ሆነ። ከዕረፍት ቀጥሎ ያለው ክፍለ ጊዜ ክፍት እንዲሆንላትም ፕሮግራሟ ተስተካከለ። አንድ ቁልፍ ማስቀረጽ ስንት ይፈጃል?

የጽዳት ሠራተኛዋ፣ እኛ እማማ የምንላቸው፣ እንዲናገሩ ሦስት ጊዜ ተለመኑ። በመጨረሻ፣ «እኔስ ምን እላለሁ ልጆቼ፤ ዝናብ ሲሆን ምሳዬን የምበላበት አጣለሁ እንጂ» አሉ። በመምህራን ክፍል እንዳይቀመጡ የከለከላቸው የለም። ይግቡ ያላቸውም የለም።

የጁሙዓ ሶላት ጉዳይም ተነሣ። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ዕለት የምሳ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 7፡30 መሆኑን ታውቃላችሁ። ሙስሊሙ ይሰግድበታል፤ ሌላውም ጉዳዩን ይፈጽምበታል። ይህ ዓይነቱ ነገር ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በእኩልነት ጥያቄ ሰልፍ የወጡትን አባቶቻችንን፣ አብረዋቸውም የተሰለፉትን ክርስቲያን ወገኖች እናስታውሳለን። በዓላቶቻችን ብሔራዊ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ትምህርት ቤት ግን ዓርብ ምሳ እንደ ሌላው ቀን አንድ ሰዓት ነበርና፣ አራት ሙስሊም መምህራን ኹጥባውን ሳንጨርስ እየሮጥን እንመለስ ነበር። ስንነጋገር አንድ የፊዚክስ መምህር፣ «እኔም በሁዳዴ ጾም ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ አምልጦኝ ነው የሚከርመው» አለ። ለካ ችግራችን አንድ ኖሯል! ዓርብ እነሱ ይሸፍኑልናል፤ በሁዳዴ እኛ እንሸፍናለን። እንዲህ ስላችሁ ያለ ችግር ሄደ እንዳይመስላችሁ፤ በመጀመሪያው ወር ሁለት ዓርብ አንድ ክፍል ያለ መምህር ዋለ። የሒሳብ መምህራችን፣ «ለሁሉም ስናመቻች ልጆቹን ማን ያስተምር?» ብሎ ተቆጣ። እውነቱን ነበር። የመተካካቱ ሠንጠረዥ በር ላይ እንዲለጠፍ፣ የሚከታተለውም በስም እንዲታወቅ የተደረገው በእሱ ቁጣ ነው።

ዕቅዱ በመጨረሻ ሁለት ገጽ ሆነ። ከእያንዳንዱ ሐሳብ ጎን ማን እንደሚሠራው፣ እስከ መቼ፣ በስንት ብር የሚል እንዲጻፍ ያስገደደችን የሒሳብ ሹሟ ናት፤ አላህ ይስጣትና፣ ያለዚያ በሚያምር ፋይል ውስጥ ተኝቶ ይቀር ነበር። በጣም ያከራከረን የቅጥሩ ጉዳይ ነው። ማስታወቂያችን «ሙሉ ጤንነት ያለው» ይል ነበር፤ ወጣቱም ይህን አንብቦ ነው ደፍሮ የተመዘገበው። ሐረጉ ተሰረዘ። ማስታወቂያው በግቢው በር ላይ ለሦስት ቀን ብቻ ስለሚለጠፍ ግን፣ የሚያየው በውስጥ ዘመድ ያለው ሰው ብቻ ነው። አሁን አሥር ቀን ይቆያል፤ በጋዜጣም ይወጣል። ይህ ደዌ የእነ እገሌ ብቻ እንዳይመስለን። ሱቅና ድርጅት ያለን ሙስሊሞችስ የሰፈራችንንና የአገራችንን ልጅ ብቻ እየመረጥን አይደለምን? ወደ መስጊዶቻችንስ ምርኩዝ የያዘ ሰው በየትኛው ደረጃ ይወጣል? በዚህ ጉዳይ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ያልተሠራው ብዙ ነው። በመምህራን ክፍል ውስጥ ሦስቱ በአንድ ቋንቋ ሲጫወቱ አራተኛው ቡናውን ይዞ የሚወጣበት ልማድ አልተለወጠም፤ በደንብ የሚለወጥም አልመሰለኝ። ሁሉን ያነጋገረው ግን የደረጃው ነገር ነው። በሁለት ምርኩዝ የምትሄድ አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ አለችን። በመጪው ዓመት 9ኛ ክፍል ስትገባ ክፍሏ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት ማስገባት ከአቅማችን በላይ ነው። የታሪክ መምህሩ፣ «ምድር ቤት ያለው ሰፊ ክፍል የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። የእኛው የመምህራን ክፍል ነው። እኛ ወደ ላይ ወጥተን የ9ኛ ክፍል ልጆች ወደ ታች ይውረዱ ማለቱ ነበር።

በዕድሜ የገፉት መምህራን ጉልበታቸውን አነሡ፤ ሌሎች የቡናውን ነገር አነሡ። ድምፅ ተሰጥቶ 11 ለ9 በሆነ ልዩነት አለፈ። ተቃውመው ከነበሩት አንዱ የሒሳብ መምህሩ ናቸው፤ ጠረጴዛዎቹን የሚያወጡ ጎረምሶች አሰባስባለሁ ያሉትም እሳቸው ናቸው። ዕቃውን የምናግዘው በነሐሴ መጨረሻ ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም።