የተከፈለበት ባቡርና ያልታደሰ ምክንያት

እ.ኤ.አ. በ2004 የዴንቨርና የአካባቢዋ መራጮች ፋስትራክስ ለተባለው የትራንስፖርት ዕቅድ 0.4 በመቶ የሽያጭ ግብር ሲያጸድቁ፣ ከዴንቨር ተነሥቶ በቦልደር በኩል ሎንግሞንት የሚደርስ ባቡር ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ዕቅዱ በጠቅላላው 4.7 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ ተነገረ። ዛሬ ከዚያ መስመር የሚሠራው፣ በ2016 የተከፈተው እስከ ዌስትሚንስተር ያለው 6 ማይል ያህል ብቻ ነው። ግብሩ ግን አልተቋረጠም፤ በሃቫና ጎዳና የ100 ዶላር ዕቃ የሚገዛ የአውሮራ ነዋሪም 40 ሳንቲሙን ይከፍላል።

መስመሩን ያስቀረው ስንፍና አይደለም። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ወዲህ የግብሩ ገቢ ከተገመተው በታች ሆነ፤ የግንባታ ወጪ ናረ፤ ሐዲዱም የጭነት ባቡር ኩባንያው የቢ.ኤን.ኤስ.ኤፍ. በመሆኑ ዋጋውን የትራንስፖርት ባለሥልጣኑ አር.ቲ.ዲ. ብቻውን ሊወስን አልቻለም። ማጠናቀቂያው ወደ 2042 ተገፋ። በ2016 ፍላቲረን ፍላየር የተባለው ፈጣን አውቶቡስ በቦልደር አውራ ጎዳና ሥራ ጀመረ። ከ2020 በኋላ ደግሞ በየማለዳው ወደ መሀል ዴንቨር ይጓዝ ከነበረው የቢሮ ሠራተኛ ብዙው ከቤቱ መሥራት ያዘ። በ2004 የቀረበው ምክንያት እንዲህ ሲሸረሸር፣ የታደሰ ምክንያት ይዞ ወደ መራጩ የተመለሰ የለም።

ከተማዋ ይህን ዐይነት ነገር ከዚህ በፊት አይታለች። የዴንቨር ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ አውቶማቲክ የሻንጣ ማመላለሻ ለመላው ማረፊያ ታስቦ የተሠራ ነበር። የማረፊያው መክፈቻ 16 ወር እንዲዘገይ ዋና ምክንያት ከሆነ በኋላ፣ በ1995 ለአንድ አየር መንገድ፣ ለዩናይትድ፣ ያውም ለወጪ ሻንጣ ብቻ የሚያገለግል ሆኖ ቀረ። የታሰበለት ጥቅም ገና ሥራ ሳይጀምር ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። ሆኖም 10 ዓመት ቆየ። ዩናይትድ በ2005 የተወው በየወሩ 1 ሚሊዮን ዶላር ያህል የጥገና ወጪ እንደሚያድን አስልቶ ነው፤ ወጪው የሚከብደው ራሱ ወሳኙን ስለነበር። በባቡሩ ጉዳይ ግን ከፋዩ የተበታተነ ሸማች ነው፤ ወሳኙ 15 አባላት ያሉት የአር.ቲ.ዲ. ቦርድ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን የሚጠይቅ ሕግ ያስፈልጋል።

የሎንግሞንት ሰዎች «ሃያ ዓመት ከፍለናል» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ፈጣኑ አውቶቡስም ለእነርሱ የቦልደርን ያህል አልጠቀመም። ነገር ግን የተገባላቸው ዕዳ ወደ ዴንቨር የሚያደርስ አስተማማኝ ጉዞ እንጂ በ2004 የተነደፈው ሥዕል አይደለም። የግዛቱ ምክር ቤት በ2024 የመኪና ኪራይ ክፍያን ለባቡር ሲመድብ፣ መስመሩን እስከ ፎርት ኮሊንስ ከሚዘረጋው የፍሮንት ሬንጅ ባቡር ጋር አያይዞታል። ይህ አዲስ ምክንያት ነው፤ ምናልባትም ከፊተኛው የተሻለ። ታዲያ እንደ አዲስ ይመዘን።

በሚቀጥለው የምክር ቤት ስብሰባ የአር.ቲ.ዲ. ማቋቋሚያ ሕግ እንዲሻሻል እንጠይቃለን። የአንድ መስመር ወጪ ግምት በሕግ ከተቆረጠ መጠን በላይ ሲያድግ ወይም የተሳፋሪ ትንበያው ሲወርድ፣ ቦርዱ በ6 ወር ውስጥ፣ ከፕሮጀክቱ ሠራተኞች ውጭ በሆነ ባለሙያ የተዘጋጀ፣ የአውቶቡስ አማራጭንም ያካተተ ጥናት ይዞ በግልጽ ስብሰባ ድምፅ ይስጥ። መስመሩ ቢቀር ለዚያ አካባቢ የተጠራቀመው ገንዘብ እዚያው ለጉዞ አገልግሎት ይዋል፤ ይህ ካልተጻፈ የሎንግሞንት ተወካዮች ረቂቁን እንደማይደግፉት ይታወቅ።