ከቢላው በፊት ካርታው

«ልምድ ያለው ቀዶ ሐኪም የምስል ምርመራ ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አሉ። ሲሰሙት ጀግንነት ይመስላል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ማደንዘዣ ወስዶ የተኛው ታካሚ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥም ያለው ኖማ ጉንጩን የበላው፣ ወይም በካንሰር መንጋጋው የተቆረጠ ሰው ፊቱ ከሚጠገንባቸው መንገዶች አንዱ ከጭን የሚወሰድ አካል ነው። የቻይና ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1984 ያስተዋወቁት ዘዴ ከጭን ፊትና ጎን ቆዳና ሥብ ከነደም ሥሩ ይወስዳል፤ ሥሩም በአጉሊ መነጽር እየታየ ከአንገት የደም ሥር ጋር ይሰፋል።

ችግሩ ቆዳውን የሚመግቡት ቀጫጭን ሥሮች በቁጥርም በቦታም ከሰው ሰው መለያየታቸው ነው። በብዙዎች ጡንቻ ሰንጥቀው ያልፋሉ፤ በጥቂቶች የሚረባ ሥር ጭራሽ አይገኝም። ይህ የሚታወቀው ጭኑ ከተከፈተ በኋላ ከሆነ ታካሚው ያተረፈው ሌላ ቁስል ብቻ ነው።

«ሲቲ ስካን ውድ ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ጨረርም አለው። ለሁሉም ይታዘዝ ያለ ግን የለም። በእጅ የሚያዝ ዶፕለር የደሙን ድምፅ ያሰማል፤ ሥብ በበዛበት ጭን ቢያሳስትም ከግምት ይሻላል። የቀለም ዶፕለር አልትራሳውንድ ሥሩን ያሳያል። ጭኑ ቀድሞ ተጎድቶ ለነበረ ሰው ደግሞ ሲቲው ቅንጦት አይደለም።

ምስል የሐኪምን እጅ አይተካም። እጅም ቢሆን ቆዳ ሥር ያለውን አያይም። የቀዶ ሕክምና ክፍል በጀት የሚይዙ ሁሉ ዶፕለሩን ከቢላው ጋር አብረው ይግዙ። ሳይቃጠል በቅጠል!