ለመሪ መምህሩ ክፍለ ጊዜ ይቀነስለት

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ደነገጠ። በ2016 ቁጥሩ 5.4 በመቶ ሆነ። ለዚህ ሁሉ በእኛ በኩል የሚታዘዘው መድኃኒት የክረምት ሥልጠና ነው። ስላይድ ይታያል፣ አበል ይከፈላል፣ ሰርተፊኬት ይታደላል። መስከረም ሲጠባ መምህሩ ያው ብቻውን ክፍል ይገባል።

እኔ ፊዚክስ የማስተምረው መካነ ሰላም ነው። አንድ ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ የከተማው ነጋዴ ልጅ፣ ከዓባይ ቆላ የወጣው፣ ከደንቆሮ ጫካ ወዲህ ካለው ደጋ የመጣው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብረው ይቀመጣሉ። የገጠሮቹ ሦስት አራት ሆነው ቤት ተከራይተው ከቤተሰብ በሚላክ ስንቅ ይማራሉ። ትምህርቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። እዚህ ክፍል የሚመደበው አዲስ ምሩቅ ፊዚክሱን አያጣውም፤ የሚቸግረው ከየት መጀመር እንዳለበት ነው።

አንድ ጀማሪ ባልደረባዬ “ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል” ብሎ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። በባሕር ወለል ልክ ነው። መካነ ሰላም ግን 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃችን የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከክፍል ስንወጣ ተነጋገርንበት። ለሚቀጥለው ምድብ ሲገባ ሰሌዳውን ትቶ “ንፍሮ ደጋ ላይ ነው ቆላ ቶሎ የሚበስለው?” ብሎ ጠየቀ። ስትጠየቅ አንገቷን የምትደፋ የቆላ ልጅ ከሁሉ ቀድማ መለሰች። የአየር ግፊት ከዚያ ወዲያ አላስቸገረም።

ይህን የሠራነው በትርፍ ሰዓታችን ነው። ማንም አላዘዘን፣ ማንም አልከለከለን። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የመምህራን የደረጃ ዕድገት ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ይደርሳል፤ ደመወዝ ይጨምራል፣ የሥራ ቀኑን ግን አይነካውም። በማውቀው ትምህርት ቤት ሁሉ መሪ መምህሩ እንደ ጀማሪው ክፍለ ጊዜ ተሸክሞ፣ በላዩ የዲፓርትመንት ተጠሪነት ይጨመርበታል፤ የተከታታይ ሙያ ማሻሻያውን ፋይል ደግሞ ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ሲል ሌሊት ይሞላል።

ስለዚህ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አንድ የሒሳብ፣ አንድ የሳይንስ መሪ መምህር ተለይቶ የክፍለ ጊዜው ግማሽ ይነሣለት፤ ያንን ጊዜ ከጀማሪዎች ጋር ክፍል ውስጥ ያሳልፈው። ነጥብ ግን አይስጥ። ውጤት የሚሞላ ሰው ፊት ማንም ድክመቱን አያወጣም።

ርዕሳነ መምህራን “የሒሳብ መምህር በጠፋበት ግማሹን ማን ይሸፍናል?” ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ያለው ግጭት በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤት አዘግቷል፤ የቀረው መምህር የሰው ድርሻ ጭምር ይዟል። ግን ለክረምቱ አበል የሚገኘው ገንዘብ ለሸፋኙ ትርፍ ሰዓት ለምን አይከፈልም? በ1997 ፕላዝማ ሲገባ በሳተላይት የሚያስተምር መምህር ለማምጣት ገንዘብ አልጠፋም፤ ያ መምህር ደግሞ ተማሪው ይግባው አይግባው ማየት አይችልም ነበር። ጀማሪውም ዝውውር የሚሞላው ብርዱን ሸሽቶ ብቻ አይመስለኝም። የሚያማክረው ያጣም ይሄዳል።

የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ እዚሁ መካነ ሰላም ነው። የከላላና የወግዲ፣ የመሐል ሳይንትም መሪ መምህራን በወር አንድ ቅዳሜ እዚያ ተገናኝተው ሙከራዎችን በእጃቸው ቢሠሩ፣ ትራንስፖርቱን ወረዳዎቹ ሊችሉት ይገባል። የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ሳይለጠፍ ግን የሁለቱ መምህራን ስም ይታወቅ፤ ከተለጠፈ በኋላ የሚነሣለት ሰው አላየሁም።