ጨዋታን ለአንድ መኪና ብቻ ማሰር ይገባልን?

ሰው ከሥራው ባረፈ ጊዜ ልቡን የሚያሳርፍበት ጨዋታ መፈለጉ በእኛ ዘመን የተጀመረ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ገበጣና ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር፤ በልደትም በዓል ሜዳ ወጥተው ገና ይመቱ ነበር። የገበጣው ጕድጓድ በመሬት ላይ ቢቈፈርም በእንጨት ላይ ቢፈለፈልም ጨዋታው ያው ጨዋታ ነው። ጠጠር የሚሸጥ ሰው ተነሥቶ «ይህ ጠጠር ከእኔ ገበጣ በቀር በሌላ ገበጣ ላይ አይጣልም» ቢል ኖሮ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሣቀበት ነበር።

በዛሬው ጊዜ ግን እንዲህ ያለው ቃል ማሣቁ ቀርቶ የታላላቅ ኩባንያዎች ደንብ ሆኗል። በቴሌቪዥን መስኮት እየታየ በእጅ የሚታዘዘው የቪዲዮ ጨዋታ ኮንሶል በሚባል መኪና ይሠራል። ከእነዚህ መኪናዎች የታወቁትን የሚያወጡት ሁለት የጃፓን ኩባንያዎች፥ ኒንቴንዶና ሶኒ፥ አንድም የአሜሪካ ኩባንያ፥ ማይክሮሶፍት ናቸው። ከሦስቱም እያንዳንዱ «ይህ ጨዋታ በእኔ መኪና ብቻ እንጂ በሌላው አይሠራም» ብሎ ያጠረው ጨዋታ አለው፥ ወይም ነበረው። እንግዲህ ይህ አጥር የሚገባ ነውን ወይስ የማይገባ? ብለን መጠየቃችን ነው። (ዘመኑን የምንጽፈው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው፤ በእኛ አቈጣጠር የሆነውን ዓ.ም. እያልን እንለየዋለን።)

ምናልባት አንባቢያችን «ይህስ የልጆች ነገር ነው፤ ሹሙንና ካህኑን ምን አገባው?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት አክቲቪዥን ብሊዛርድ የሚባለውን የጨዋታ ኩባንያ በ68.7 ቢሊዮን ዶላር እገዛለሁ ብሎ በጥር 2022 ካስታወቀ በኋላ፥ የአሜሪካና የእንግሊዝ መንግሥታት የአውሮጳም ኅብረት ዳኞችና መርማሪዎች እስከ ጥቅምት 2023 ድረስ የተከራከሩበት ዋና ነገር ይኸው ነበር። ይኸውም ገዢው ኮል ኦፍ ዲዩቲ የተባለውን የጦርነት ጨዋታ ከሶኒ መኪና ነጥቆ ለራሱ ብቻ ያደርገዋልን ወይስ አያደርገውም የሚል ነው። መንግሥታት ሃያ አንድ ወር የተሟገቱበትን ነገር የልጆች ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

የነገሩ ሥር የሚገኘው በ1983 ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የጨዋታ ንግድ በድንገት ወደቀ። ለውድቀቱ አንደኛው ምክንያት፥ ማንም እንደ ወደደ ጨዋታ እየሠራ ይሸጥ ስለ ነበረ ገበያው በማይረባ ዕቃ ተሞልቶ፥ ገዢው ተታለልሁ ብሎ እጁን መሰብሰቡ ነው። በ1889 በኪዮቶ ከተማ የመጫወቻ ካርታ ለመሥራት የተቋቋመው ኒንቴንዶ ይህን አይቶ ነበርና በ1985 መኪናውን ወደ አሜሪካ ባስገባ ጊዜ በውስጡ ቍልፍ አበጀበት። እርሱ ያልፈቀደው ካሴት የገባ እንደ ሆነ መኪናው እንቢ ይላል። ለዚህም መኪና ጨዋታ ለመሥራት የሚሻ ኩባንያ በዓመት ከአምስት ጨዋታ በላይ እንዳያወጣ፥ ካሴቱንም ኒንቴንዶ ራሱ እንዲሠራለት፥ ደግሞም ያንኑ ጨዋታ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ለሌላ መኪና እንዳይሰጥ ውል ይገባ ነበር። (ከአታሪ ወገን የሆነ አንድ ኩባንያ ቍልፉን ለመክፈት ሲል የቍልፉን ጽሑፍ ከአሜሪካ መንግሥት የድርሰት መዝገብ ቤት «ለክርክር ያስፈልገኛል» ብሎ በሐሰት ቃል አስገልብጦ ወስዶ፥ ይህም በ1992 በይግባኝ ፍርድ ቤት ተገልጦበታል። መዝገብ ጠባቂ የሆናችሁ ይህን ልብ በሉ።)

ስለ እነዚህ ውሎች ስንፈርድ ሁለቱን ነገር መለየት ያስፈልጋል። በር ላይ ዘበኛ ማቆም፥ የገባውንም ዕቃ መርምሮ ክፉውን መመለስ፥ ለገዢው የሚጠቅም መልካም ሥራ ነው፤ የወደቀው ንግድ የተነሣውም በከፊል በዚህ ነው። የሁለቱ ዓመት ክልከላ ግን ከዚህ ጋር ምን ዝምድና አለው? ተመርምሮ መልካም ነው የተባለ ጨዋታ በጎረቤት መኪና ላይ ቢሠራ ክፉ አይሆንም። ስለዚህ ይህ ውል የዕቃውን ጥራት ለመጠበቅ ሳይሆን ጎረቤቱ ዕቃ እንዲያጣ የተደረገ ነበር። ዛሬም አንድ ኩባንያ ጨዋታውን ለብቻው ሲያደርግ «ለጥራቱ ብዬ ነው» የሚል ቃል ባሰማ ጊዜ ይህን መለያ ይዞ መመርመር ይገባል።

ሆኖም በአንድ ወገን ብቻ መፍረድ አይገባንም። አንድ ጨዋታ ለአንድ መኪና ብቻ መሆኑ ያ ጨዋታ እንዲወለድ ምክንያት የሆነበት ጊዜ አለ። ቤዮኔታ የተባለው ጨዋታ መጀመሪያ በ2009 በሁለት መኪናዎች ወጥቶ ነበር። ሁለተኛውን ለመሥራት ግን ገንዘብ ጠፋ። ኒንቴንዶ ወጪውን ሸፍኖ በ2014 በራሱ መኪና ብቻ አወጣው። የፊተኛውን በሌላ መኪና የተጫወቱ ሰዎች ተቈጡ፤ ቍጣቸውም ይገባናል፤ ነገር ግን ኒንቴንዶ ገንዘቡን ባያወጣ ኖሮ የሚቈጡበት ጨዋታ ራሱ ባልኖረም ነበር። ገንዘቡን ያወጣ፥ ኪሳራውንም ሊሸከም የቈረጠ፥ ከዘራው እርሻ አስቀድሞ ቢበላ ግፍ ነው ልንል አንችልም።

ይህ ነገር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለተማረ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ድጓ ለማስመስከር የሚሻ ደቀ መዝሙር ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ፥ አቋቋም የሚሻም ወደ ጎንደር ይሄዳል። የእያንዳንዱ ቤት ሙያ ለብቻው ሆኖ በመጠበቁ ዜማው ሳይበረዝ ከእኛ ደርሷል፤ አንድ ቤት በአንድ ሙያ መክበሩም ሊቃውንቱን አተጋ እንጂ አላሰነፈም። ነገር ግን ቤተ ልሔም አስመስክሮ የወጣ መሪጌታ ወደ ሸዋም ቢወርድ ወደ ትግራይም ቢወጣ ያንኑ ድጓ ያስተምራል፤ ከቤተ ልሔም ቅጥር ውጭ አፉ የሚዘጋ ዜማ አልተማረም። ቤቱ ለጥበቡ ምንጭ ሆነው እንጂ ግንብ አልሆነበትም። እኛም በጨዋታው መኪና የምንፈልገው ልዩነት ይኸው ነው።

አሁን ከባዱን ነገር እንናገር። ያልዘራውን እርሻ ገዝቶ መንገዱን የሚዘጋ ሰው ከዘሪው ጋር አንድ አይደለም። ቤተዝዳ የተባለው ጨዋታ ሠሪ እስካይሪም የሚለውን ዝነኛ ጨዋታውን በ2011 ባወጣ ጊዜ ለሶኒም ለማይክሮሶፍትም መኪና አቅርቦት ነበር። ማይክሮሶፍት የዚህን ሠሪ ባለቤት የሆነውን ኩባንያ በ7.5 ቢሊዮን ዶላር በ2021 ጠቅልሎ ገዛ። ከዚህ በኋላ ስታርፊልድ የተባለው አዲሱ ጨዋታ በ2023 በወጣ ጊዜ ለማይክሮሶፍት መኪናና ለኮምፒዩተር ብቻ ሆነ፥ ለሶኒ መኪና አልቀረበም። የሶኒን መኪና ይዞ ዓመታት ሲጠብቅ የነበረ ሰው ከዚህ ግዢ ምን አገኘ? ጨዋታው አልተሻሻለለትም፥ ዋጋው አልቀነሰለትም፤ የነበረው በር ተዘጋበት እንጂ። ሶኒም በበኩሉ ሌሎች ኩባንያዎች የሚሠሯቸውን ጨዋታዎች ለተወሰነ ጊዜ ለብቻው እየተዋዋለ ይይዛልና፥ ይህን ስንል የአንዱን ጥፋት አንሥተን የሌላውን መሸፈናችን አይደለም።

በዚህ አጥር የሚጐዳው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ዋጋውን ማየት ይበቃል። የሶኒ አምስተኛው ፕሌይስቴሽን በኅዳር 2020 በወጣ ጊዜ በአሜሪካ 499 ዶላር ነበር። በእኛ አገር ከ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ አንድ ዶላር ከመቶ ብር በላይ ስለ ሆነ፥ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ ይህ ከ50,000 ብር በላይ ይመጣል። የሁለት ኩባንያ ጨዋታ የሚሻ ሰው ሁለት መኪና ይግዛ ማለት በኒው ዮርክ ላለ ባለጸጋ ቀላል ነገር ነው፤ በአዲስ አበባ ግን ሲጀመርም የሚሰማ ቃል አይደለም። ልጆቻችን በየሰፈሩ ጨዋታ ቤት ተሰብስበው ለአንድ ጨዋታ ጥቂት ብር እየከፈሉ በተራ የሚጫወቱት ስለዚህ ነው። እዚያም አብዝተው የሚወዱት የእግር ኳስ ጨዋታ፥ በአንዱም በሌላውም መኪና የሚሠራ ያልታጠረ ጨዋታ መሆኑ የሚያስተውለው ሰው ቢገኝ መልካም ነው።

አጥሩ በመኪናው ብቻ አልቀረም። በ2018 ፎርትናይት የተባለውን ጨዋታ በሶኒ መኪና የጀመረ ልጅ በዚያው ስሙ በኒንቴንዶ መኪና ልጫወት ቢል አልተፈቀደለትም ነበር። ከሌላ መኪና ባለቤት ጋርም በአንድነት መጫወት ተከልክሎ ነበርና፥ ጕዳዩ ብዙ ካነጋገረ በኋላ ሶኒ በመስከረም ወር በሩን ከፈተ። በግንቦት 2024 ደግሞ ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2 የሚባለውን ጨዋታ በኮምፒዩተር የሚጫወት ሁሉ በፕሌይስቴሽን መዝገብ ይመዝገብ ብሎ አዘዘ። ይህ መዝገብ ግን በብዙ አገር አይሠራም፤ ከእነዚህም አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ስለዚህ ጨዋታው ከ170 በሚበልጡ አገሮች ከገበያ ተነሣ። ሶኒ ከጥቂት ቀን በኋላ የምዝገባውን ትእዛዝ ሻረ። እንዲህም ሆኖ ከዚህ የምንረዳው፥ በቶኪዮና በካሊፎርኒያ ቢሮ የሚጻፍ አንድ መስመር በእኛ አገር ያለውን ሰው፥ ስሙ እንኳ ሳይታሰብ፥ ከበር ውጭ ሊያስቀረው እንደሚችል ነው።

ሌላም ብዙ የማይነገርለት ጕዳት አለ። መኪና ያረጃል፤ ፋብሪካውም መሥራቱን ይተዋል። በአንድ መኪና ብቻ የታሰረ ጨዋታ ከመኪናው ጋር ይቀበራል። የቪዲዮ ጨዋታን ታሪክ የሚጠብቅ አንድ የአሜሪካ ማኅበር በ2023 ባወጣው ጥናት በአሜሪካ ከ2010 በፊት ከወጡት ጨዋታዎች ከመቶው 87ቱ ዛሬ በገበያ ተገዝተው አይገኙም ብሏል። ለዚህ ምክንያቱ የመኪናው እሥራት ብቻ አይደለም፥ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ከብራና ወደ ብራና እየተገለበጠ የኖረ መጽሐፍ የአንዱ ገዳም ዕቃ ቤት ቢቃጠል በሌላው ተገኝቷል። አንድ ቅጂ ብቻ የነበረው ግን ጠፍቶ ቀርቷል፤ ስንት እንደ ጠፋም አናውቅም።

የሚደንቀው ነገር፥ አጥረኞቹ ራሳቸው አጥራቸውን እያፈረሱ መምጣታቸው ነው። ሴጋ የኒንቴንዶ ዋና ባላጋራ ነበር፤ በ1991 ያወጣውን ሶኒክን እንደ ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ተዋጋ። በ2001 ግን መኪና መሥራቱን ተወና በዚያው ዓመት ሶኒክ በኒንቴንዶ መኪና ላይ ሮጠ። ሄሎ የተባለው ጨዋታ በ2001 ከማይክሮሶፍት የመጀመሪያ መኪና ጋር አብሮ የወጣ፥ የመኪናውም መለያ የሆነ ነበር። በጥቅምት 2025 ግን ማይክሮሶፍት ይህንኑ ጨዋታ አድሶ በሶኒ መኪና ላይ እንደሚያወጣ አስታወቀ። ሶኒም ለብቻው ይዟቸው የነበሩትን ታላላቅ ጨዋታዎች ከ2020 ጀምሮ ወደ ኮምፒዩተር ማውጣት ጀምሯል። ይህን ያደረጉት ለተጫዋቹ አዝነው አይደለም፤ አንድ ጨዋታ የሚጠይቀው ወጪ እጅግ ስለ በዛ በአንድ መኪና ገዢዎች ብቻ ትርፉ አልወጣ ስላላቸው ነው እንጂ። ገበያው በራሱ ጊዜ ይፈርዳልና መንግሥት አይግባ የሚሉ ሰዎች ይህን እንደ ማስረጃ ያቀርቡታል። እኛ ግን ከሁለት ዐሥር ዓመት በላይ የቈየ ፍርድ ዘግይቷል እንላለን፤ በ2001 የዐሥር ዓመት ልጅ የነበረው ዛሬ የልጅ አባት ሆኗል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለብቻ ማድረግን ፈጽሞ መከልከል አንወድም፤ ቤዮኔታን የመሰለውን እናጣለንና። መልካሙ መንገድ በሕጋችን ውስጥ ይገኛል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 123 አዲስ ነገር የፈጠረ ሰው ለአሥራ አምስት ዓመት ብቻውን እንዲጠቀምበት ይፈቅዳል፤ ፈጠራውንም በኢትዮጵያ በሚገባ የሠራበት እንደ ሆነ አምስት ዓመት ይጨምርለታል። ዘመኑ ካለቀ ግን ፈጠራው የሁሉ ይሆናል። ለጨዋታም እንዲህ ያለ የተቈጠረ ዘመን ይደረግለት፤ ጨዋታ ቶሎ የሚያረጅ ነገር ስለ ሆነ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሆን አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይበቃዋል። ይህም ዘመን ገንዘቡን አውጥቶ ለሠራው ይሁን፤ ለሁሉ ቀርቦ የነበረውን ገዝቶ ለዘጋው ግን አንድ ቀን እንኳ አይሰጠው። የአክቲቪዥን ግዢ የጸናው ማይክሮሶፍት ኮል ኦፍ ዲዩቲን ለሶኒና ለኒንቴንዶ መኪና ለዐሥር ዓመት እንደሚያቀርብ ውል ከገባ በኋላ ነው፤ ይህም ዘመን መቍጠር የሚቻል መሆኑን ያሳያል። ያ ውል በ2033 ያልቃል፥ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚጠይቅ ዳኛ ግን እስካሁን አላየንም።

ለእኛም አገር ሰዎች ነገሩ እየቀረበ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ የሚለውን ጨዋታ፥ የአባቶቻችንንም ገበጣ ለስልክ አዘጋጅቷል፤ ሌሎችም ወጣቶች በዚህ ሙያ እየተነሡ ናቸው። ነገ አንድ የውጭ ኩባንያ መጥቶ ለአንዱ ወጣት «ገንዘቡን አሁን ውሰድ፥ ጨዋታህን ግን ለእኔ መኪና ብቻ አድርግ» ይለዋል። ወጣቱ ገንዘብ ያስፈልገዋልና አትቀበል አንለውም። የውል ሕግ የሚያውቁ የመንግሥት ባለሙያዎች ግን ከመፈረሙ በፊት ውሉን ያንብቡለት፤ የሚያልቅበትም ቀን በፊደልና በአኃዝ ተጽፎ ካላገኙ ወረቀቱን ይመልሱለት።