የሦስት ጨዋታ ፍርድ



የዘንድሮው የዲፓርትመንቶች የቅርጫት ኳስ ውድድር ገና መጀመሩ ነው። ቡድናችን ሦስት ጊዜ ተጫውቶ ሁለቱን ተሸንፏል። በዶርምም በካፌም ግን ፍርዱ ተሰጥቶ አልቋል፦ «ዘንድሮ ቡድን የለንም!» በሁለተኛው ጨዋታ ማብቂያ ላይ ሁለት የቅጣት ውርወራ የሳተው የአንደኛ ዓመት ወንድማችን የመሳለቂያ ስም ወጥቶለታል። ከዚያ ወዲህ ልምምድ ላይ አልታየም። ከሳቁበት መካከል እኛም ነበርንበት፤ ይህን የምንጽፈውም ለራሳችን ጭምር ነው።

ለመሆኑ ጥቂት ጨዋታ ስለ አንድ ቡድን ምን ያህል ይነግረናል? እ.ኤ.አ. በ2010 ሌብሮን ጀምስና ክሪስ ቦሽ ማያሚ ሂት ገብተው ከድዋይን ዌድ ጋር ሲጣመሩ፣ ብዙ ሰው ዋንጫውን አስቀድሞ ሰጥቷቸው ነበር። ከመጀመሪያዎቹ 17 ጨዋታዎች 8ቱን ሲሸነፉ ደግሞ ያው ሰው ተነሥቶ «አይሆኑም» አለ። ቡድኑ ከ82 ጨዋታ 58ቱን አሸንፎ እስከ ፍጻሜው ደረሰ፤ ዋንጫውን ግን ዳላስ ወሰደው። ሁለቱም ፍርድ ስቷል። በ2015 ጎልደን ስቴት የመጀመሪያዎቹን 24 ጨዋታዎች በተከታታይ አሸነፈ፤ የዚያ ውድድር ዓመት ዋንጫ ግን የክሊቭላንድ ሆነ። ቀድሞ መስደብ ብቻ ሳይሆን ቀድሞ ማንገሥም ያሳፍራል።

ይህ ማለት ግን እስከ መጨረሻው አፋችንን እንዝጋ ማለት አይደለም። ቡድን ይተቻል፤ ጥያቄው በምን ሚዛን ነው የሚለው ነው። ዲኤስቲቪ ቤት የማይጠፉ ወንድሞቻችን የ2021ን አርሰናል ያስታውሳሉ። ሦስቱን የመክፈቻ ጨዋታዎች ተሸንፎ፣ አንድ ጎል ሳያገባ 9 ተቆጥሮበት፣ ሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ተቀምጦ ነበር። በመጨረሻ 5ኛ ሆኖ ጨረሰ። ከሦስቱ አሸናፊዎቹ አንዱ የአውሮፓ ሻምፒዮኑ ቼልሲ፣ ሌላው የሊጉ ሻምፒዮን ማንቸስተር ሲቲ ነበር። በእነሱ መሸነፍና ገና ባደገው ብሬንትፎርድ መሸነፍ እኩል አይመዘኑም። የመጀመሪያው ትዕግሥት፣ ሁለተኛው ወቀሳ ይገባዋል።

በዚህ ሚዛን የኛን ቡድን እንየው። የመጀመሪያው ሽንፈት ካለፈው ዓመት ዋንጫ አንሺ ጋር ነበር፤ ያውም ረጅሙ ተጫዋቻችን ፈተና ላይ ሆኖ። ከአምስቱ ቋሚዎች ሦስቱ አዲስ ናቸው፤ ገና አልተዋወቁም። በሌላ በኩል በሁለቱም ሽንፈቶች ኳስ ስንነጠቅ ወደ ኋላ የሚሮጥ ጠፍቷል። ለዚህ አዲስ መሆንም ሆነ ፈተና ሰበብ አይሆንም፤ ሊነገራቸው ይገባል፣ በልምምድም ይታረማል። የአንድ ልጅ ሁለት ውርወራ ግን ስለ ቡድኑ ምንም አይናገርም።

የወረኢሉና የመካነ ሰላም ገበሬ የሰኔን ቡቃያ አይቶ የኅዳርን ምርት አይቆጥርም። አረሙን ግን በሰዓቱ ይነቅላል። እኛ የያዝነው ተቃራኒውን ነው፤ አረሙን ትተን ምርቱን ቆጠርን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

ሱረቱል ሑጁራት ወሬን እንድናጣራና በመጥፎ ቅጽል ስም እንዳንጠራራ ያስተምረናል። ይህንን በደርስ ስንሰማ ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ ሜዳ ዳር ስንቆም ግን እንረሳዋለን። ሜዳው ከአደብ ነጻ የሆነ ቦታ አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ቡድኑን መተቸት የፈለገ ልምምድ ላይ ይገኝና የሚታረመውን ለራሳቸው ይንገራቸው። ያ ወንድማችን ዶርም ድረስ ደግሞ አንድ ሰው መሄድ አለበት። ለይቅርታ ቀድመን የምናንኳኳው እኛ ነን፤ የወጣለትንም ስም ከዛሬ ጀምሮ ከአፋችን አውጥተናል።