የማይጠየቅ መምህር

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል የሀገራችን ሰው። በትምህርት ቤቶቻችን ካለመጠየቅ የሚቀረው ግን ከማዕረግም ይበልጣል።

የሥነ ሕይወት ትምህርት ነገር በተነሣ ቁጥር «አሳታፊ የትምህርት መሣሪያ ይምጣ» ይባላል። ኮምፒውተር ይገዛ፣ ታብሌት ይታደል፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ይታይ ይባላል። ኢትዮጵያ ግን በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ ሄዳበታለች። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ትምህርት ሲጀመር በደቡብ አፍሪካ የተቀረጹ ትምህርቶች፣ ሥነ ሕይወትም ጭምር፣ በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች በእንግሊዝኛ ይተላለፉ ነበር። በስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ መልሱን ራሱ ይናገራል። «አልገባኝም» የሚለውን ተማሪ የሚሰማው የለም። የክፍሉ መምህርም በገዛ ክፍሉ እንግዳ ሆኖ ቆመ። ይህ ተሳትፎ ከተባለ ዝናብን በመስኮት ማየትም እርሻ ነው!

ስክሪን አያስፈልግም አልልም። የሕዋስን ክፍፍል በጠመኔ ከመሣል በተንቀሳቃሽ ሥዕል ማሳየት ይሻላል። ሆኖም መሣሪያ አሳታፊ የሚባለው ተማሪው ሲጠይቅ ቆሞ የሚጠብቅ፣ መምህሩም እንደ ፈቃዱ የሚያዝዘው ሲሆን ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተማሪው የሚኖርበትን ምድር የሚያውቅ ሲሆን ነው።

በገዳሪፍ፣ በመተማና በሑመራ ካላዛርን የማያውቅ ማን አለ? ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደው ወገናችን ትርፉ በሽታ ሆኖ ሲመለስ አይተናል። አስተላላፊዋ ሴቷ የአሸዋ ዝንብ ናት። በጥቁሩ አፈር ስንጥቅና ሱዳኖች ጠልሕ በሚሉት ግራር ዙሪያ ትኖራለች። ተውሳኩ በዝንቧ አንጀት ሳለ ጭራ አለው፤ ሰው ውስጥ ሲገባ ግን ያለ ጭራ ክብ ሆኖ፣ ሊውጡት በተሰለፉት የመከላከያ ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ይራባል። ከዚህ የበለጠ የሥነ ሕይወት ትምህርት ከወዴት ይመጣል?

ከ1991 እስከ 1993 ዓ.ም. ድንበር የለሽ ሐኪሞች በገዳሪፍ ግዛት መንደሮች ከ350,000 በላይ መድኃኒት የተነከሩ አጎበሮች አከፋፍለው ነበር። ዝንቧ ከወባ ትንኝ ታንሳለችና ቀዳዳቸው ጠባብ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ተማሪው የሁለት አጎበሮችን ቀዳዳ በማጉያ መነጽር ያወዳድር። ቤተሰቡ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ይመዝግብ። «ሰው ደጅ በሚያመሽበት ሰዓትስ አጎበሩ ማንን ይጠብቃል?» ብሎ ይጠይቅ። ያን ጊዜ ትምህርቱ አሳታፊ ሆነ እንላለን።

ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ መጠለያዎች የገቡ ልጆች የሚያድጉት በዚሁ ጥቁር አፈር ላይ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ በሰላም ጊዜ የታቀደ ነገር ሁሉ ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ አየን። በመብራትና በኢንተርኔት ላይ ብቻ የቆመ ትምህርት ከመብራቱና ከኢንተርኔቱ ጋር ይጠፋል።

ስለዚህ ገንዘብ ያላችሁ ድርጅቶችና ማኅበራት፣ ስክሪን ከመግዛታችሁ በፊት መምህሩን አማክሩ። የማጉያ መነጽር፣ በአማርኛ የተዘጋጀ የመልመጃ ወረቀት፣ ወደ ክፍል ገብቶ የሚጠየቅ የጤና ባለሙያ አቅርቡ። ስክሪኑ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ የማስቆሚያው ቁልፍ ግን በመምህሩ እጅ ይሁን። ልጁ የሩቅ ባሕር ፍጡራንን ስም እየሸመደደ፣ ቤተሰቡን የምትገድለውን ዝንብ ሳያውቅ ቢመረቅ፣ ተማረ ብለን ልንመርቀው አፋችን እንዴት ይደፍራል?