ሶሪያሲስ፣ ብርሃንና የሹፌሩ ሳምንት

የፊዚክስ መምህር ስለ ቆዳ በሽታ መጻፉ አንዳንድ አንባቢያንን ግር ሊያሰኝ ይችላል። ይሁን እንጂ ሶሪያሲስ ከሚታከምባቸው መንገዶች አንዱ ብርሃን በመሆኑ ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል።

ሶሪያሲስ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ያለ አግባብ ሲቆጣ የሚከሰት በሽታ ነው። በጤናማ ቆዳ አንድ ወር ገደማ የሚፈጀው የሕዋሳት መታደስ፣ በታመመው ስፍራ በጥቂት ቀናት ይጠናቀቃል፤ ያልበሰሉት ሕዋሳትም ተደራርበው ቅርፊት ይሠራሉ። ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ አይተላለፍም። ሆኖም ለዘመናት ከሥጋ ደዌ ጋር ሲምታታ ኖሯል፤ የቪየናው ሐኪም ፈርዲናንድ ሄብራ ሁለቱን የለያቸው እ.ኤ.አ. በ1841 ነበር። (ሥጋ ደዌም ቢሆን በመጨባበጥ አይተላለፍምና ያ ሁሉ ሽሽት ለማንም የተገባ አልነበረም።)

የበሽታውን ጫና በቅርፊቱ ስፋት ብቻ መለካት አይበቃም። ፊንሌይና ካን እ.ኤ.አ. በ1994 አሥር ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አወጡ፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 30 ሲሆን፣ ከ10 ካለፈ በሽታው ኑሮን በእጅጉ እያወከ ነው ማለት ነው። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ ሕክምናው ራሱ ምን ያህል እንዳስቸገረ ይጠይቃልና።

ይህን ጥያቄ በሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚጠብቅ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ይመልሰው እንበል። በሽታው የሚያዘወትራቸው ክርኑና ወገቡ ቀኑን ሙሉ ከወንበሩ ጋር ይፋተጋሉ፤ ፍትጊያ ደግሞ አዲስ ቁስል ሊቀሰቅስ ይችላል። ከባልደረቦቹ ጋር ለአንድ ትሪ ሲቀርብ እጁን መደበቅ ያምረዋል። ቅባቱ ልብስ ያበላሻል። ሜቶትሬክሴት የተባለው እንክብል በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ነው፤ በስሕተት በየቀኑ ቢወሰድ ሊገድል ይችላል፤ የደም ምርመራ ክትትልም ይሻል። ቀንና ሌሊቱ ለተቀላቀለበት ሰው ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም።

ብርሃኑስ? ለሕክምና የሚውለው ጨረር የሞገድ ርዝመቱ 311 ናኖሜትር፣ የአንዱ ፎቶን ጉልበትም 4 ኤሌክትሮንቮልት ገደማ ነው። ይህም ቁጣውን የሚያባብሱትን የመከላከያ ሕዋሳት ያጠፋል። ፓሪሽና ዬኒከ እ.ኤ.አ. በ1981 እንዳሳዩት፣ ከ290 ናኖሜትር በታች ያለው ጨረር ቆዳን ያቃጥላል እንጂ ቁስሉን አያጠራም። «ታዲያ የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ መች አነሰን?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ፀሐይ መጠኗ እንደ ሰዓቱና እንደ ደመናው ይለዋወጣል፤ ቃጠሎው ራሱ በሽታውን ሊቀሰቅስ ይችላል። የሚገርመው ደግሞ የመኪናው መስታወት ጠቃሚውን ጨረር አስቀርቶ ሙቀቱን ያሳልፋል። ሹፌሩ ይጠበሳል እንጂ አይታከምም።

በማሽን የሚሰጠው ሕክምና በሳምንት እስከ ሦስት ቀን፣ ለሁለት ለሦስት ወራት ይቀጥላል። ማሽኑ እዚያው አዳማ ቢተከል እንኳ ሰኞ ሞጆ፣ ረቡዕ ጋላፊ ለሚውል ሰው ምን ይረባዋል? በኔዘርላንድስ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ በቤት ውስጥ የሚሰጥ የብርሃን ሕክምና በሆስፒታል ከሚሰጠው እንደማያንስ አረጋግጧል። በእኔ አስተያየት ሕክምናው ወደ ሥራው ቦታ መጠጋት አለበት፤ በመስመሩ ሁለት ጫፎች፣ በሠለጠነ የጤና ባለሙያ እጅ፣ ሹፌሩ የተቀበለውን መጠን በያዘው ካርድ ላይ እየመዘገቡ። አምፖሉ ሲያረጅ ጨረሩ ስለሚቀንስ በየጊዜው መለካት ይኖርበታል፤ ይህ ደግሞ የሐኪሙ ሳይሆን የእኛ ተመራቂዎች ሥራ ነው።